ፀጉር ሲጠማው

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ፀጉር ነው። «ደግሞ አባት ስለ ፀጉር ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። ባለቤቴ ሆስፒታል ስለምትሠራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች። (በሐበሻ ሰዓት ነው፤ ልጆች፣ በዚህ አገር ሰዓት ስንት እንደሆነ ቆጥራችሁ ድረሱበት።) ስለዚህ የ9 ዓመት ልጃችንን ፀጉር በየጠዋቱ የማሰናዳው እኔ ነኝ። ይኸው 4 ዓመት ሆነኝ።

ፀጉሯን የምናጥበው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት ስትመለስ ነው። የዚያን ዕለት ጥቅልሉ ሁሉ በየቦታው ቁጭ ብሎ ያምራል። ሥራው ያለው በቀሩት 6 ጠዋቶች ላይ ነው። እሑድ ደህና ይውላል። ሰኞ በተኛችበት ጎን ይደፈጠጣል። ረቡዕ ላይ ይንጨባረራል። ባሱ ሊመጣ ደግሞ 40 ደቂቃ ብቻ ቀርቶታል። በዚህ ሰዓት በብዙ ቤት ከሁለት አንዱ ይደረጋል፤ ወይ እንደገና በሻምፑ ይታጠባል፣ ወይ በደረቁ በማበጠሪያ ይጎተትና ልቅሶ ይሆናል። ሁለቱም አያስፈልጉም።

ለምን መሰላችሁ? ከራስ ቆዳችን የሚወጣ የተፈጥሮ ቅባት አለ። ፀጉሩ ሉጫ ከሆነ ቅባቱ ቀጥ ብሎ እስከ ጫፉ ይወርዳል። ጥቅልል ፀጉር ላይ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ሊማሊሞን በመኪና የወረደ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል! ቅባቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጫፉ ሳይደርሰው ይደርቃል። በየቀኑ ሻምፑ ስናደርግበት ያችኑ ጥቂት ቅባት አጥበን እንደፋታለን። በደረቁ ስናበጥረው ደግሞ ይሰበራል።

አምና በአንድ የልደት ግብዣ ላይ አንዲት የምናከብራቸው እናት ልጄን ሳም አደረጉና ፀጉሯን ዳሰስ አድርገው፣ «ውይ የኔ ቆንጆ! ምነው ፀጉርሽ ከርዳዳ ባይሆን!» አሏት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን «አባዬ፣ ከርዳዳ ምንድነው? ስድብ ነው?» አለችኝ። በዚያ ሳምንት የተማረችው አዲስ የአማርኛ ቃል እሱ ሆነ ማለት ነው።

ስድብ አይደለም አልኳት። ሉጫ ማለት ቀጥ ያለ ነው፤ ዞማ ማለት ለስለስ ብሎ የሚወርድ ነው፤ ከርዳዳ ማለት ጥቅልሉ ጠበቅ ያለ ነው። አንዱ ሰው ረጅም፣ አንዱ አጭር እንደሚባለው ነው። «ታዲያ ለምን ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል?» አለች። «ስለሚጠማው ነዋ!» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትነሳ መስተዋት ፊት ቆማ «ዛሬ ጠምቶታል?» ትለኛለች። አብረን እናየዋለን። ካልጠማው አንነካውም። ይሄ ትልቁ ዘዴ ነው፤ ደህና ያደረን ፀጉር ዝም ማለት።

የጠማው ከሆነ ውሃ መርጫ አለን፤ ልብስ ሲተኮስ ውሃ የሚረጭበት ዓይነት ነው። ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ኮንዲሽነር ጨምረን እንንጠዋለን። ድብልቁ ሲቆይ ስለሚበላሽ በ2 ወይም በ3 ቀን እንደፋውና አዲስ እንሠራለን። የተደፈጠጠውን ጎን ብቻ ርጥብ እስኪል እንረጨዋለን፣ ማራስ የለብንም። ከዚያ የተፈታውን ጥቅልል በጣት ጠቅለል እያደረገች ትለቀዋለች፤ ይሄን አሁን ራሷ ነው የምትሠራው። የተቋጠረ ካለ ከጫፍ ጀምራ ወደ ሥር በጣቷ ትፈታዋለች። በመጨረሻ መዳፍ ላይ ጥቂት ዘይት አሸት አድርገን ጫፍ ጫፉን እንነካዋለን። ዘይት ውሃውን ይዞ ያቆያል እንጂ የደረቀ ፀጉርን አያረጥብም፤ ስለዚህ ምንጊዜም ውሃ ይቀድማል። ከዚያ ቁርስ! ክረምት ላይ በርጥብ ፀጉር መውጣት ስለሚበርድ ቁርሷን እስክትጨርስ ይደርቅላታል። እስኪደርቅ ድረስ መነካካት የለም፤ ከተነካካ ይንጨባረራል።

ሳይንስ የምትወዱ ልጆች እዚህ ጋ ስሙኝ። ፀጉር ውስጥ ሃይድሮጅን ቦንድ የሚባሉ ደካማ ማያያዣዎች አሉ። ፀጉሩ ሲረጥብ ይለቃሉ፤ ሲደርቅ መልሰው ይያያዛሉ። ፀጉሩ በምን ዓይነት ቅርጽ ሳለ ደረቀ፣ ያንን ቅርጽ ይይዛል። ትራስ ያበላሸውን በጥቂት ውሃ መመለስ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማታ ደግሞ ፀጉሯን ወደ አናቷ ላላ አድርገን እንሰበስብና የሳቲን ሻሽ ታስራለች። የጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጥጠዋል፣ ፀጉሩንም ይፈትገዋል። ሻሽ አስሮ መተኛትን ከአያቶቻችን የሚያውቅ ሁሉ ይሄ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ዋና ያለ ቀን ገንዳው ውስጥ ከመግባቷ በፊት ፀጉሯን በንጹሕ ውሃ ታርሰዋለች፤ ንጹሕ ውሃ የጠጣ ፀጉር የገንዳውን ክሎሪን ብዙ አይጠጣም።

ቅቤስ? አያቷ ሊጠይቁን ሲመጡ ይሄ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ለጋ ቅቤ ፀጉር ያለሰልሳል፣ እኔም አምንበታለሁ። ግን ሽታው ክፍል ድረስ አብሮ ይሄዳል፤ ልጄም ይሄን አትፈልግም፣ ፀጉሩም የእሷ ነው። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን፤ አርብ ማታ አያቷ ቅቤ ይቀቧታል፣ እየተጨዋወቱ ያመሻሉ፣ ቅዳሜ ይታጠባል። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል።

የጠዋቱ ሥራ የሚከብዳችሁ ከሆነ ሹሩባ አለ። እሱንም ቢሆን ሥሩ እስኪያም ድረስ ማጥበቅ አይገባም። ወንዶች ልጆች፣ «የሴት ነው» እንዳትሉኝ፤ አፄ ቴዎድሮስን በሥዕል አይታችኋል፣ ፀጉራቸው ተሠርቶ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ይሄን እወቁ፤ በ2019 ካሊፎርኒያ በተፈጥሮ ፀጉርና በሹሩባ ምክንያት በሥራ ቦታና በመንግሥት ትምህርት ቤት አድልዎ እንዳይደረግ በሕግ ከለከለች። ከዚያ ወዲህ ከ20 በላይ ስቴቶች ተከትለዋታል።

አንዲት ነገር ልጨምርና ልሰናበት። ጄል መግዛት ለማትፈልጉ ተልባ አለላችሁ፤ ያልተቆላ፣ ያልተፈጨ ይሁን። ሩብ ኩባያ ተልባ በ2 ኩባያ ውሃ እያማሰላችሁ፣ እንደ እንቁላል ነጩ እስኪዝለገለግ 10 ደቂቃ ያህል ታፈላላችሁ። እንደሞቀ በወንፊት ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ አልወርድም ይላል። ልጆች፣ እሳቱ ጋ ትልቅ ሰው ይቁም። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ወንፊቱን ግን ወዲያው እጠቡት፤ ከደረቀበት አይለቅም።