የመርሳ ሰው ሮም ሲገባ

እስኪ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ፤ የመርሳ ፀሐይ ገና አልበረደችም። ቡናው እየተቆላ ነው። አቦሉ እስኪወርድ ስለ ሮም ላጫውታችሁ።

የሮምን ወሬ ከዚሁ ከደጃችን ነው የምጀምረው። በደሴ መንገድ ውርጌሳን ስታልፉ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት እዚያ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ነገሩ ዓድዋ ድረስ ሄደ። ስለዚህ የኛ አገር ሰው ሮም ሲገባ ባዳ አይደለም፤ ከከተማዋ ጋር የቆየ ጉዳይ አለው። እኔም የሄድኩት ይህንኑ ልቤ ውስጥ ይዤ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ አሮጌውና አዲሱ ተስማምተው መኖራቸው ነው። ከምድር ውስጥ ባቡር ወጥታችሁ ቀና ስትሉ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ኮሎሲየም ፊት ለፊታችሁ ተገትሯል። ፓንተዮን ለጣዖት የተሠራ ቤት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ609 ጀምሮ ግን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛሬም ይቀደስበታል። ሦስተኛው የባቡር መስመር ሲቆፈር ከመሬት ሥር ጥንታዊ ቅርስ እየወጣ ሥራው ለዓመታት ተጓቷል። ሳን ጆቫኒ ጣቢያ ላይ የተገኘውን ዕቃ እዚያው ለተሳፋሪው እንዲታይ አኑረውታል። ይህን ሳይ ቀናሁ፤ እውነቱን ነው የምላችሁ።

ሙቀቱ የኛን ቆላ ያስንቃል። ደግነቱ በየመንገዱ ዳር፣ ቀንም ሌትም የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፤ ውሃው በረዶ ነው። ጎንበስ ብዬ በእፍኜ ስጠጣ አንዲት ባልቴት አዩኝና ቀረብ ብለው የቧንቧውን አፍ በጣታቸው ደፈን አደረጉት። ውሃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቀስት ሠርቶ ወጣ፤ ቀና ብዬ ጠጣሁ። ቋንቋ ሳንግባባ ተሳሳቅን።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ትንሿ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበረች። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዙን አዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያው ሲኖሩ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ ጀርመናዊው ሊቅ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኘው እዚሁ ሮም ላይ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ የኛው የወሎ ምድር ልጅ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከሳቸው አንደበት የተቀዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አውሮፓ አማርኛን በወሎ መነኩሴ አፍ ተማረ ማለት ነው! ይህን ለልጆቻችን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል?

ብዙ የቆየሁት ግን ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ነው። በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ከአክሱም የተወሰደው ሐውልታችን የቆመው እዚያ ነበር። ወደ 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ተመረቀ። በ1952 ዓ.ም. ግን ገና ሮም ነበር። ጳጉሜን 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት፣ አበበ ቢቂላ የኦሊምፒኩን ማራቶን በባዶ እግሩ ሲሮጥ በአጠገቡ አለፈ። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድመው አጥንተውት ነበርና፣ ከሞሮኮው ራዲ ተለይቶ የተፈተለከው እዚያው ሐውልቱ ዘንድ ነው። ያሸነፈውም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩለት ነበር።

ዛሬ አደባባዩ ላይ መኪና ይተራመሳል። ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ ውድድሩ እስካለቀበት ድረስ፣ ያለውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት፤ ቀስ ብዬ፣ የመንገዱን ዳር ዳር ይዤ። ቅስቱ ሥር ስደርስ ፀሐይዋ ጠልቃ፣ መብራቱ በርቶ ነበር።