ሁለት ዓመት የቀነስኩለት ልጅ

የልጁን ዕድሜ የቀነስኩት እኔ ነኝ። ማህተሙም የእኔ ነበር፣ ፊርማውም የእኔ። እናቱ አላዘዘችኝም፤ ልጁም አልለመነኝም። ወሬው በተነሳ ቁጥር «ያኔ ሁሉም ያደርገው ነበር» እያልኩ አልፌዋለሁ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ያደርገው ነበር። የዚህን ልጅ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ በሰው መዋጮ በቆመች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት፣ የሐበሻ ልጆችን በማስተምርበት ጊዜ ነው። ዓመታቱንና ቀናቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው፤ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ነውና፣ የሱዳን ወረቀት ደግሞ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። እናቱ ልጇ የተወለደበትን ጊዜ የምታውቀው በሌላ ቁጥር ነው። «ደርግ በወደቀ በአራተኛው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ሰሊጥ ሲታረም» ትላለች። ይህ 1995 ነው። ኋላ ልጇን አዝላ በገላባት በኩል ድንበሩን ተሻግራ ስትመዘገብም የስደተኛ ካርዱ ላይ ያው 1995 ተጻፈ። እኔ እስክደርስበት ድረስ ማንም ያልተጠራጠረው ቁጥር ነበር።

በ2012 መጨረሻ ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ የሚማረው ግን ስምንተኛ ክፍል ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ዝናቡ ሲጥል ለአረም፣ ሰሊጡ ሲደርስ ለአጨዳ፣ ከዚያ ደግሞ ገበያ ላይ ጆንያ ሲሸከም ዓመቶቹ አለፉት። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት፤ ልጅ ይሁን ሽማግሌ እጅ ያለውን ሁሉ ትጠራለች። ስለዚህ ከጎኑ የሚቀመጡት ልጆች 13 እና 14 ዓመታቸው ነው። የትምህርት ቤቱን የኳስ ቡድን የማሠለጥነው እኔ ነበርኩ፣ ሠልጥኜ ሳይሆን ፊሽካ ስለነበረኝ።

ሜዳችን ዋልካ ነው። ክረምት ጭቃው ጫማ ይነቅላል፤ በበጋ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። እዚያ ላይ ኳስ አይሮጥም። ይነጥራል፣ ይቆማል፣ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ቅብብል የሚባል ነገር የለም፣ ጉልበት ያለው ያሸንፋል። አንድ ቀን ይህ ልጅ ከመሃል ሜዳ ኳሱን ይዞ ተነሳና የመጣበትን ሁሉ በትከሻው እየገፋ ሄዶ፣ በረኛውን ከነኳሱ ጎል ውስጥ ጨመረው። መረብ ስላልነበረን የሰሊጥ ጆንያ ቀደን ነበር የሰቀልነው፤ በረኛው ጆንያው ላይ ተጠቅልሎ ቀረ። ዘልዬ አጨበጨብኩ። በረኛው የ13 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሲነሳ አፍንጫው ይደማል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ምን እንዳየሁ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ያ ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ በኳስ ያበደበት ነበር። በመስከረም ወር መግቢያ ላይ ሱዳን ኢትዮጵያን 5 ለ 3 አሸንፋ ስለነበር የገዳሪፍ ሱዳናውያን እንዴት እንዳላገጡብን አልረሳም። ሻይ የምጠጣበት ቤት ያሉ ሽማግሌዎች የአፍሪካ ዋንጫን በ1957 ኻርቱም ላይ ከግብፅ ጋር ሦስት ሆነን መጀመራችንን ያነሱና «ከዚያ ወዲህ የት ነበራችሁ?» ይሉናል። ጥቅምት 14 ቀን አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ፣ 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ጎሎች ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ! ባጃጅ ነጂው ሐበሻ ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ገበያውን ዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ወላጅ ልጁን ሳላዲን አድርጎ ያይ ጀመር። ወላጅ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እኔም አየሁ።

ሰሊጥ ገበያ ላይ የማውቀው አንድ ሱዳናዊ ደላላ ኦምዱርማን ካለ ክለብ ሰው ጋር ትውውቅ ነበረው። ለታዳጊ ቡድን ልጅ እየፈለጉ እንደሆነ ነገረኝ፤ 16 ዓመት ያልበለጠ። «አለኝ» አልኩት። ትንሽ እንኳ አላሰብኩም።

ዕድሜውን የሚያረጋግጠውን ደብዳቤ ለክለቡ ስጽፍ ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። 1997 የሚለውን ሲያይ «ጋሼ፣ ካርዴ ላይ ያለው እኮ ሌላ ነው» አለኝ። «ኳስ ተጫዋች የሚታየው እግሩ ነው፣ ካርዱን ማን ያየዋል?» አልኩት። ብልህ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ዝም አለ። መምህሩ ነኝ፤ ምን ይበል?

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀርቦ ነበር። እናቱ «መምህር፣ ፈተናውን ወስዶ ቢሄድ ምናለበት?» ብላ ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ ፈተና በየዓመቱ አለ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን አይደገምም» አልኳት። ለመንገዱ የሚሆን ገንዘብ ከጀበና ቡናዋ ካጠራቀመችው ላይ አወጣች። ኦምዱርማን በዋድ መዳኒ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብሬው ሄድኩ።

ኦምዱርማን ያየሁትን ላሳጥረው። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ ኳሱ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ልጄ ኳስ ሲላክለት ገና ሰውነቱን ሳያዞር ኳሱ አልፎት ሄዷል። ሲደርስበት ደግሞ መጀመሪያ ትከሻውን ይሰጣል፣ ልማዱ ነውና፤ የተጋጨው ልጅ ግን አይወድቅም። እዚያ የመጡት «የ16 ዓመት ልጆች» ግማሾቹ ጢማቸውን ተላጭተው ነው የመጡት። እኔ ብቻዬን የቀነስኩ መስሎኝ ነበር! ሁሉም አሠልጣኝ የየሠፈሩን አንበሳ ሁለት ሁለት ዓመት እየቀነሰ አምጥቶታል፤ አንበሶቹ አንድ ላይ ሲገቡ ልዩነታቸው ኳስ መቻል ብቻ ሆነ። ልጁ ኳስ አልቻለም ልል አልፈልግም። ማንም ያላስተማረው ነበር፤ እኔ ያስተማርኩት ሰው መግፋት ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ በትህትና አሰናበቱን።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት ኋላ ነው። አሜሪካኖች በእጅ በሚይዙት ፉትቦላቸው የኮሌጅ ኮከቦችን ያመልካሉ፤ ጨዋታቸውን ብዙ አስር ሺህ ሰው ስታዲየም ሞልቶ ይመለከታል። ሆኖም የኮሌጅ ስፖርት ማኅበራቸው ራሱ እንደሚለው፣ ከኮሌጅ ተጫዋቾች ወደ ትልቁ ሊግ የሚያልፉት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። በዚያው በ2012 ጆኒ ማንዜል የሚባል ልጅ ሃይስማን የተባለውን የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ገና በመጀመሪያ የጨዋታ ዓመቱ ወሰደ፤ ከእሱ በፊት ማንም ጀማሪ ወስዶት አያውቅም። በ2014 በመጀመሪያው ዙር ተመርጦ ክሊቭላንድ ገባ፣ ሁለት የውድድር ዘመን ተጫውቶ ከሊጉ ወጣ። በ2000 ደግሞ 198 ሰው ከተመረጠ በኋላ የተጠራው ቶም ብሬዲ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። የኮሌጁ ኮከብ ከሚገጥማቸው አብዛኞቹ በሚቀጥለው ዓመት ሒሳብ ሠራተኛ የሚሆኑ ልጆች ናቸው። እነሱን መጣል ባለሙያን መጣል አይደለም።

የእኛም ልጆች አሉበት። በ1997 በርሊን የተወለደው ጌዲዮን ዘላለም በ2013 ክረምት ገና በ16 ዓመቱ ከአርሰናል ጋር እስያ ሄዶ ሲጫወት ያላወራለት ሐበሻ የለም። እኔ በሐሰት የጻፍኩትን ዓመት እሱ በእውነት ተወልዶበታል፤ ይህ ሲገባኝ ደነገጥኩ። እሱም እንኳ፣ ያን ሁሉ ተሰጥኦ ይዞ፣ በለጋነቱ የተተነበየለትን ያህል አልሄደም፤ በ2017 ደግሞ ጉልበቱ ላይ ክፉ ጉዳት ደረሰበት። ድሬዳዋ የተወለደው ፉአድ ኢብራሂም በ2007፣ በ15 ዓመቱ፣ በአሜሪካ ሊግ ክለብ ተመረጠ፤ በ2013 ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዷል፣ ነገር ግን ያኔ የተወራለት ዓይነት ኮከብ አልሆነም። ከዚያ ቡድን ከአገር ወጥተው እንጀራ የቆረሱት እነ ሳላዲንና ጌታነህ ከበደ ምን ነበራቸው ብትሉኝ፣ አስቀድመው በአገራቸው ሊግ ከጎልማሶች ጋር ተፈትነዋል። ሳላዲን ግብፅ የገባው ጊዮርጊስ ውስጥ ካገባ በኋላ ነው። ጌታነህም ደቡብ አፍሪካ የሄደው ደደቢት ውስጥ የትልልቅ ሰው ተከላካይ ከለመደ በኋላ ነው። የእኔ ልጅ የለመደው የ13 ዓመት በረኛ ነው።

ዕድሜ መቀነስም የእኔ ፈጠራ አልነበረም። ፊፋ በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስነሳት የጀመረው ሌላ ምን ሊያደርግ ነው? ዕድሜ ሳይጭበረበርም ቢሆን በአውሮፓ የታዳጊ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ይበዛሉ፤ ጥቂት ወር መቅደም እንኳ ልጅን ተሰጥኦ ያለው ያስመስለዋል። እኔ የዓመታት ብልጫ ያለውን ልጅ ይዤ ነበር ጉድ ጉድ የምለው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ኃጢአቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ልጁ ተመልሶ ክፍሉን ደገመ። በመጨረሻ የትምህርት ማስረጃ ሲያስፈልገው ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ «የትኛውን ዓመት ልጻፍ?» አለችኝ። 1995 ብል ደብዳቤዬ ሐሰት መሆኑ ሊታወቅ ነው። ደላላው ያውቀኛል፣ ወላጆች ያውቁኛል፣ ስሜ አለ። «1997» አልኳት። ለኳስ የዋሸሁት ለልጁ ይጠቅማል ብዬ ነው፤ ይህንን ግን ለራሴ ነው የዋሸሁት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደ።

እህቱ ካናዳ ገብታ ነበር። ሰው አሰባስባ ስፖንሰር ሆና ፋይል አስከፈተችለት። ፋይሉ ውስጥ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ገባ፤ ካርዱ 1995፣ ማስረጃው 1997። ቃለ መጠይቁ ላይ ጠየቁት። ልጁ፣ እኔን ላለማጋለጥ ብሎ፣ «ጸሐፊዋ ተሳስታ ይሆናል» አለ። የካርዱ ዓመት ትክክል ከሆነ ማስረጃውን ለምን እስከዚያ ቀን ድረስ እንዳላስተካከለ ጠየቁት። መልስ አልነበረውም። ማንነቱን ማረጋገጥ አልተቻለም ተብሎ ተመለሰ። ወረቀቱን ይዞ ቤቴ መጣና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ፤ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ያን ቀን «አይዞህ፣ ይግባኝ አለ» አልኩት እንጂ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጽፌ ልስጥህ» አላልኩትም። ይህችን ነው አሁን የምናዘዛት፤ ከደብዳቤው በላይ እሷ ታሳፍረኛለች። አንድ ገጽ መጻፍ ነበር የሚፈልገው። መምህር ነኝ፣ ስጽፍ ነው የኖርኩት።

ከዚያ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 መጣ። ኻርቱም በጦርነት እሳት ተያያዘ፤ ያ ሣር ሜዳ ያለባት ኦምዱርማንም። ታላላቆቹ ክለቦች ሂላልና መሪኽ ተሰደው ሞሪታንያ ሊግ ውስጥ እስከ መጫወት ደረሱ። ከኻርቱም የሸሸው ሰው ገዳሪፍን ሞላው፤ ታኅሣሥ ላይ ዋድ መዳኒ ስትወድቅ ደግሞ ቀጣዮቹ እኛ ነን ብለን ሻንጣ ማሰር ጀመርን። ልጁ እናቱን ይዞ በገላባት በኩል መተማ ዮሐንስ ገባ። አዝላ ያሻገረችውን ድንበር ደግፎ መለሳት። አሁን ሰሊጥ መጋዘን ነው የሚሠራው። ኳስ ይጫወት እንደሆነ ስጠይቀው «ወገቤ እሺ አይልም» ይለኛል።

በቅርቡ እህቱ ፋይሉን እንደገና ልታስከፍት እንደሆነ ሰማሁ። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። በየትኛው ወር፣ ለማን፣ ለምን ብዬ ዓመቱን እንደቀየርኩ፣ ማስረጃው ላይም የተጻፈው በእኔ ትእዛዝ መሆኑን፣ ጸሐፊዋ አንዳች ጥፋት እንደሌለባት፣ ልጁም ያኔ ተቃውሞኝ እንደነበረ፤ ሁሉንም። የእናቱን ቃልም እንዳለ አስገባሁት፣ ደርግ በወደቀ በአራተኛው ዓመት በሐምሌ። ምስክር ባለበት ፈርሜ ላክሁለት።

ሲደርሰው ደወለልኝ። እናቱ ከጎኑ ሆና «ምን አሉ መምህር?» ስትል ይሰማኛል። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ አነበበላት። ከዚያ ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ለክለቡስ አይጽፉላቸውም?» አለኝ። ለእነሱ የምጽፈው ነገር እንደሌለኝ ነገርኩት፤ በትክክል የገመቱን እነሱ ብቻ ናቸው።