የደረት ጠፍር

አጎቴ ከደብረ ማርቆስ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ዳማ ፈረሳቸውን ከልጆቻቸው አሳንሰው አያዩትም። ታዲያ አንድ ቀን በስልክ፣ «አንገቱን ወደ ላይ እየወረወረ አስቸገረኝ» ሲሉኝ፣ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ መፍትሔውን አገኘሁት። መቼም ጋዜጠኛ አንድ ነገር ያነበበ ዕለት ሊቅ ነው።

ፈረንጆች ማርቲንጌል የሚሉት ማሰሪያ አለ። ከሆድ ጠፍሩ ይነሣና በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ያልፋል፤ አንዱ ዓይነት አፍንጫ ላይ ካለው ማሰሪያ ጋር ይያያዛል፣ ሌላው ጫፉ ላይ ባሉት ሁለት ቀለበቶች ዛቡን ያሳልፋል። ፈረሱ ራሱን ከልክ በላይ ሲያነሣ ይገታዋል። እኔ አፍንጫ ላይ የሚታሰረውን፣ ያገለገለውን፣ ገዝቼ ዓባይን ተሻገርሁ።

አጎቴ አገላብጠው አዩትና፣ «ይህ ለፈረሱ ነው ለእኔ?» አሉኝ። ሳቅንና አሰርነው። አሳጥሬ ያሰርሁት እኔ ነኝ። ፈረሱ ራሱን በወጉ ይዞ ሲቆም፣ የላላውን ጠፍር ወደ ላይ ሲያነሡት ጉሮሮው ድረስ መድረስ እንዳለበት አንብቤ ነበር፤ ግን ማን ለካ!

በማግስቱ ለቅሶ ለመድረስ ወጣን። እኔ በፈረስ፣ እሳቸው በበቅሎ። ከወንዙ ዳር ስንደርስ ፈረሱ እንደ ልማዱ አንገቱን ዘርግቶ ድንጋዩን ሊያሸት ፈለገ፤ ጠፍሩ ያዘው። መሐል ላይ ሲደናቀፍ ሚዛኑን የሚጠብቅበት አንገት አልነበረውም። በጉልበቱ ወደቀ፣ እኔም ውኃው ውስጥ። ለመነሣት ራሱን ባነሣ ቁጥር ጠፍሩ ወደ ታች ይስበዋል፤ አፍንጫው ውኃ ውስጥ ይገባል። አጎቴ ከበቅሏቸው ወርደው ልብሳቸውን ሳይሰበስቡ ገቡና በቢላ ቆረጡት።

ዳር ወጥተን አፉን ከፍተው አዩ። የታችኛው መንጋጋ ቆስሏል። የአገራችን ልጓም መንጋጋውን ከበብ አድርጎ የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው፤ እጀ ከባድ ሰው ሲስበው ብርቱ ሕመም ነው። ፈረሱ አንገቱን ይወረውር የነበረው ጥጋብ ይዞት ሳይሆን አፉ አሞት ኖሯል። እኔ ደግሞ የሚጮኸውን አፍ አሰርሁበት። አጎቴ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የእሳቸውን ዕቃ በደንብ ያየሁት የዚያን ዕለት ማታ ነው። ከኮርቻው ፊት ደረቱን የሚያቅፍ ጠፍር፣ ከኋላው በጅራቱ ሥር የሚያልፍ ጠፍር። ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ጮቄን ሽቅብ የወጣ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ዳገቱ ላይ ኮርቻው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የሚይዘው የደረቱ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ወደ አንገቱ ይንሸራተታል፣ ያን ጊዜ ተራው የጅራቱ ይሆናል። «ቡጢህን አስገባ» አሉኝ። በጠፍሩና በደረቱ መካከል አስገባሁ፤ ገባ። ከፍ ካለ ጉሮሮውን ያንቀዋል፤ ዝቅ ካለ የትከሻውን መጋጠሚያ እየመታ እርምጃውን ያሳጥርበታል። ቆዳው ከደረቀም ይልጣልና ቅቤ ይቀባል።

ኋላ ለጥር 23 እንጅባራ ሄድሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓሉም በዓድዋ ከሰው ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ያስታውሳል። ጎጃም ንጉሡን ተክለ ሃይማኖትን እንኳ በፈረስ ስማቸው «አባ ጠና» እያለ የሚጠራ አገር ነው። ሰው ሁሉ ቀዩን ዘርፍ ሲያደንቅ እኔ ጎንበስ እያልሁ ከዘርፉ ሥር ያለውን ጠፍር አያለሁ። አንዱ ፈረሰኛ፣ «ምን ጠፋህ?» ብሎኛል።

የዳማው ቁስል እስኪሽር ልጓም አልገባለትም፤ ለሁለት ወር ያህል አጎቴ ለቅሶም ገበያም በእግራቸው ሄዱ። የተቆረጠውን ማርቲንጌል ባለፈው ስሄድ አየሁት። ጥጃ ያስሩበታል።