ማንኩሳን ሳነብ እስቴ ትመጣብኛለች

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ጎጃምን ከነማንኩሳው፣ ከነዲማ ጊዮርጊሱ አስነበቡን። እንዶዳም ተወልደው በአብነት ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸውና የልብወለዱን ዋና ገጸ ባሕርይ የበዛብህን የተማሪነት ኑሮ ከውስጥ ያውቁታል።

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። ከጎጃም የሚለየን ዓባይ ብቻ ስለሆነ መጽሐፉ እንግዳ አልሆነብኝም። የሚቆጨኝ ግን፣ የእኛስ አገር? ጋይንት ቤተልሔም የድጓ መመስከሪያ ነው። ከየአገሩ የመጣው ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከየቤቱ ቁራሽ እንጀራ ይወጣለታል። አኩፋዳው ውስጥ የጤፉ፣ የገብሱ፣ የዳጉሳው ይቀላቀላል፤ ማታ እሱን በልቶ ዜማውን ይቀጽላል። ይህን ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ ልብወለድ እስካሁን አላነበብኩም።

የጉናን ብርድ፣ የስማዳን ቆላ፣ የነፋስ መውጫን ገበያ በስማቸው እየጠራችሁ የጻፋችሁ የአገሬ ልጆች ካላችሁ፣ በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ላኩልኝ። ቁጭ ብዬ አነባለሁ።