«ማን መታኝ?» ያለ ሰው

አዲስ አበባ ለቡ ቅዳሜ ጠዋት የጤና ቡድኖች ኳስ ይጫወታሉ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ሃምሳን የተሻገሩ፣ ሳምንቱን በወንበርና በመኪና ያሳለፉ አባወራዎች ናቸው። አሜሪካ፣ እኔ በምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግም እኩዮቻቸው እሁድ እሁድ ይጋጠማሉ። ልዩነቱ የሚታየው አንዱ ሲጎዳ ነው።

ገና ሰሞን ለቡ ሳለሁ አንድ ጋሼ ኳስ ሊቀድሙ ሲፈተለኩ ቆም አሉና «ማነው የመታኝ?» ብለው ዞሩ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ወለምታ ነው ተባለ። ወጌሻ መጣ፣ በቅባት አሻቸው፣ ጠበቅ አድርጎ አሰራቸው። ሲያነክሱ ሰንብተው ሐኪም ሲያያቸው ግን የተረከዛቸው ጅማት ተበጥሷል።

ይህ ጉዳት ሰው የሚያሳስተው በሌሎቹ ጅማቶች እየታገዙ እግርን ማንቀሳቀስና አንክሶ መሄድ ስለሚቻል ነው። እዚህ አሜሪካ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያደርገው ቀላል ነገር ነው። ተጎጂው በደረቱ ይተኛል፣ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ወጣ ይላል፣ ባቱ ይጨመቃል። ጤነኛ እግር ሲጨመቅ መዳፉ ወደ ታች ያዘነብላል። ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ሳይበጠስ አይቀርም። ያኔ ማሸት አይረዳም። የተበጠሱት ጫፎች እንዲቀራረቡ ጣቶቹን ወደ ታች አዘንብሎ መደገፍና በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ነው የሚያስፈልገው። ቀዶ ጥገና ቢደረግም ባይደረግም ከዚያ በኋላ ወራት የሚፈጅ ፊዚዮቴራፒ አለ።

ወጌሻዎቻችንን ማጣጣል አልፈልግም፤ ስንቱን ውልቃት መልሰዋል። አጥብቆ ማሰር ግን ደም ከልክሎ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። በሌላ በኩል ለቡ ላይ ጋሼን ቡድኑ ተሸክሞ ቤታቸው አደረሳቸው፣ ጠያቂም አልተለያቸውም። እዚህ በክራንች ደረጃ ብቻውን የሚወጣ ሰው አውቃለሁ፤ ኢንሹራንስ ከሌለው ደግሞ ፊዚዮቴራፒውን ጀምሮ ያቋርጠዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ጅማት ያዳክማል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ከባዱን ማስጠንቀቂያ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አዟል፤ አደጋው ከ60 ዓመት በላይ ላሉትና ስቴሮይድ ለሚወስዱ ይብሳል። እኛ ዘንድ ግን ለተቅማጥም ለሽንት ቧንቧም ተወስዶ ቅዳሜ ሜዳ ይገባል። የቡድን አምበሎች ሆይ፣ ከማሟሟቂያው በፊት ይህን መድኃኒት ሰሞኑን የወሰደ ካለ ጠይቁ፤ ካለም ሐኪሙ ሳይፈቅድለት አታሰልፉት።