በዴንቨር ፀሐይ አትታለሉ!

እስቲ ደረታችንን ከሚያስነፋ ነገር ልጀምር። አሜሪካኖች ዴንቨርን «ባለ አንድ ማይል ከፍታዋ ከተማ» እያሉ ያንቆለጳጵሷታል። አንድ ማይል ማለት 1,609 ሜትር ነው። አዲስ አበባችን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ማን አሞገሳት? እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ዴንቨር ደርሶ «ይቺ ናት እንዴ ከፍታ!» ብሎ ቢስቅ አይፈረድበትም። ሳቁን ግን እስከ ኅዳር ቢያቆየው ይሻለዋል።

እኔ በኅዳር ነበር ዘመድ ጥየቃ የሄድኩት። ያረፍኩት ከዴንቨር ጋር ተያይዛ በተሠራችው በአውሮራ ነው። ሀቫና በሚባለው ጎዳና ላይ የኮሪያው፣ የሜክሲኮውና የሐበሻው ንግድ ጎን ለጎን ነው። እንጀራ አትራቡም፣ ቡናም አታጡም። ወደ ምዕራብ ቀና ስትሉ የሮኪ ተራሮች በረዷቸውን ተከናንበው ይታያሉ። ሰማዩ ጥርት፣ ፀሐይዋ ቦግ ያለች ናት። በመስኮት ለሚያይ ሰው የጥቅምት ጠዋት አዲስ አበባን ነው የሚመስለው። በሩን ከፍታችሁ ስትወጡ ግን... አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ! የዛሬ ወሬዬ ይችው አታላይ ፀሐይ በአንድ ወጣትና በመኪናው ላይ ስለሠራችው ሥራ ነው።

ልጁ የኛው ሀገር ልጅ ነው። ሁለት ሥራ እየሠራ፣ እንቅልፉን እየሸጠ ገንዘብ አጠራቀመና በሐምሌ የስፖርት መኪና ገዛ። ምን ልላችሁ፣ ቆንጆ መኪና ናት! ጉልበቷ በኋላ እግሯ ነው። ጎማዎቿ ሰፋፊ፣ ከመሬት ዝቅ ያሉ፣ በሐምሌ ሙቀት አስፋልቱን እንደ ማስቲሽ ሙጭጭ አድርገው የሚይዙ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባታል፣ ይወለውላታል። ለሚጮህ ማርሚታ ደግሞ ገንዘብ እያስቀመጠ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ እህቱ ከፊት፣ እኔ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ ከኋላ ተቀምጠን ወጣን። መንገዱ ደረቅ ነው። በረዶ የሚባል ነገር የለም። የመኪናዋ ቴርሞሜትር 27 ፋራናይት ይላል፤ በኛ ቋንቋ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ። መብራት ላይ ወደ ግራ ታጠፈና ነዳጁን ትንሽ ረገጥ ሲያደርገው የመኪናዋ ቂጥ ዞረ! መሪውን ቢያዞር አትሰማም፣ ፍሬን ቢይዝ አትሰማም። ከፊት ለፊት ይመጣ የነበረ ፒክአፕ ለጥቂት ሳተን። እኛም ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር ተላትመን ቆምን። ቸርኬው ተሰብሯል፣ ሰው ግን ተርፏል። እህትየው ወርዳ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ «እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለች። ወደ ሀገሬ እስክመለስ ድረስ ያቺ መኪና ውስጥ አልገባችም።

ልጁ ግራ ገብቶት «በረዶ እኮ የለም! ደረቅ አስፋልት እኮ ነው!» ይላል።

መልሱን ያገኘነው መኪናዋ ተጎትታ ከሄደችበት ከአንድ ሐበሻ ጎሚስታ ዘንድ ነው። ትልቅ ሰው ናቸው። ጎማውን በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉና፣

«ይኼ እኮ የሰመር ጎማ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ አዲስ ነው እኮ! ጥርሱ ገና አልተነካም።»

«አዲስነቱን ማን ጠየቀህ? ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ የሚደርቀው አርጅቶ ነው እንዴ?»

አያችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው። ጎማ መንገድ የሚይዘው ለስለስ ብሎ የአስፋልቱ ቀዳዳና ሸካራ ውስጥ ሲገባ ነው። የሰመር ጎማ ላስቲክ የተቀመመው ለሙቀት ነው፤ በጋለ አስፋልት ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ሙቀቱ ወደ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ግን እየደረቀ ይሄዳል። ዜሮን ካለፈ ደግሞ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ይኼ ሁሉ በረዶ ሳይጥል ነው! መኪና ሠሪዎቹ ራሳቸው ከመኪናው ጋር በሚሰጡት መጽሐፍ ላይ ጽፈውታል፤ ግን ማን ያነበዋል? ከዜሮ በታች 7 ዲግሪና ከዚያ በሚብስ ብርድማ የአንዳንዱ ጎማ ላስቲክ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ የቆመችውን መኪና ከቦታዋ ማንቀሳቀስ እንኳ አይመከርም።

«ትንሽ ስትነዳው ይሞቅ የለም?» ይሉ ይሆናል። በከተማ መንገድ፣ በየመብራቱ እየቆሙ፣ በዚያ ብርድ ጎማ በሚገባ አይሞቅም። «መኪናዬ ኮምፒዩተር አላት፣ መንሸራተት ትቆጣጠራለች» የሚልም አለ። ኮምፒዩተሩ ያለውን ቁንጥጫ ያከፋፍላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። «በአራቱም እግሯ የምትሄድ ናት» ማለትም አያድንም። አራት እግር ለመነሳት ይረዳል፤ ለመቆም ግን ሁሉም መኪና አራት ጎማውን ነው የሚለምነው። በዚያ ላይ ብርድ የጎማ ነፋስ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በ10 ፋራናይት በወረደ ቁጥር 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጎድላል።

ከዴንቨር ወደ ተራራው ለሚወጣ ሰው ደግሞ ነገሩ የሕግም ጉዳይ ነው። አይ-70 የሚባለው አውራ ጎዳና እየተጠማዘዘ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተከፈተው የአይዘንሀወር ዋሻ በኩል ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ላይ እንጦጦም እጅ ትሰጣለች። ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በሁለት እግሯ የምትሄድ መኪና ለበረዶ የተፈቀደና ጥርሱ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ ማድረግ፣ ያለዚያም ሰንሰለት መያዝ አለባት። የጣሰ ከ130 ዶላር በላይ፣ በዚሁ ምክንያት መንገድ የዘጋ ደግሞ ከ650 ዶላር በላይ ይቀጣል።

ለኛ ሰው አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ ቋንቋው! «ሰመር»ን «በጋ»፣ «ዊንተር»ን «ክረምት» እያልን እንተረጉማለን። ግን የእነሱ ሰመር ሲሆን እኛ ዘንድ ዝናብ ነው፣ ሰኔና ሐምሌ። የኛ በጋ ሲገባ ደግሞ ውርጭ አለ፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ያገሬ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። እናም አንዱ ዘመዳችሁ በስልክ «የበጋ ጎማ ነው ያለኝ» ቢላችሁ፣ ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለ ሙቀት እንደሚያወራ አስረዱት። ጎማ ወር አያውቅም፣ ሰማይም አያይም። የሚያውቀው ዲግሪ ብቻ ነው።

እንግዲህ ነገ ዲቪ ደርሷችሁ ወይም ዘመድ ስቧችሁ ብርድ ሀገር የምትገቡ ሁሉ ስሙኝ። የስፖርት መኪና ማማር ኃጢአት አይደለም። ዋጋዋን ስታሰሉ ግን ሁለተኛውን አራት ጎማ አብራችሁ ደምሩ። ለእንዲህ ያለች መኪና 1 ሺህ ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ግን ሁለቱ እየተፈራረቁ ስለሚሠሩ እያንዳንዱ ዕድሜው ይረዝማል። ስትገዙ ጎኑ ላይ ባለሦስት ጫፍ ተራራና በመሐሉ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ፈልጉ። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳና ለማይቸኩል ሰው «ኦል ሲዝን» የሚባለው መካከለኛ ጎማም ከሰመሩ በብዙ ይሻላል። ጠዋት ጠዋት የሚነበበው ቁጥር ከ7 ዲግሪ፣ ማለትም ከ45 ፋራናይት በታች መሆን ሲጀምር፣ በረዶ እስኪጥል አትጠብቁ፤ ቀይሩ። እስክትቀይሩ ድረስ ደግሞ የመኪናዋን ቁልፍ አስቀምጡና በአውቶቡስ ሂዱ።

የኛ ባለመኪናስ? ለማርሚታው ያስቀመጠው ገንዘብ ለጎማ ዋለ። መኪናዋ አሁን አትጮህም፤ ግን ትቆማለች። ባለ ብዙ ፈረስ ጉልበት ሞተር ከመሬት ጋር የሚገናኘው መዳፍ በምታክል አራት ቁራጭ ላስቲክ መሆኑን የተረዳ ሰው፣ ገንዘቡን የት እንደሚያውል ያውቃል።

መልካም ጉዞ!