ያለ መኪና በዱባይ

ዱባይ በአንድ ሰው ዕድሜ ከወደብ መንደርነት ወደ ትልቅ ከተማነት የተሸጋገረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 ነዋሪዎቿ 200 ሺህ አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆነዋል። ዴራና ቡር ዱባይን የመሳሰሉ የድሮ ሰፈሮች ለእግረኛ የሚመቹ ናቸው፤ ጎዳናቸው ጠባብ፣ ሱቆቻቸው የተጠጋጉ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን የባሕር ሰርጥ አብራ በምትባለው ጀልባ በ1 ድርሃም መሻገር ይቻላል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሌላው ሰፈር ይልቅ ዴራ ውስጥ መብዛታቸው አያስገርምም፤ መኪና የሌለው ሰው ብዙ ጉዳዩን በእግሩ የሚጨርሰው እዚያ ነው። በሼክ ዛይድ መንገድ ግራና ቀኝ ወደ አቡ ዳቢ አቅጣጫ የተዘረጋው አዲሱ ከተማ ግን ባለመኪናን አስቦ የተሠራ ነው።

ሜትሮው ይህን ሁኔታ በከፊል ለውጦታል። የከተማዋ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን የተቋቋመው በ2005 ሲሆን፣ ቀዩ መስመር ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 በ10 ጣቢያዎች ሥራ ጀመረ፤ አረንጓዴው ደግሞ ልክ በሁለት ዓመቱ ተከተለ። ባቡሮቹ ሹፌር የላቸውም፤ ሁለቱ መስመሮች ተደምረው ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። ክፍያው በቀጠና የሚሰላ ነው፤ ኖል የተባለውን የጉዞ መክፈያ ካርድ ተራውን ዓይነት የያዘ ሰው እንደ ርቀቱ 3፣ 5 ወይም 7.50 ድርሃም ይከፍላል። ከባስ ወርዶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሜትሮ ለገባ ሰው ሁለቱ እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠሩለታል። በእያንዳንዱ ባቡር ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የተለየ ክፍል አለ፤ እዚያ የገባ ወንድ 100 ድርሃም ይቀጣል። ሥራ ውላ አምሽታ ለምትመለስ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጣቢያዎቹ ራሳቸው ደግሞ ከመሳፈሪያነት ያለፈ ጥቅም አላቸው። ሼክ ዛይድ መንገድ በብዙ ቦታ ከ12 ያላነሱ የመኪና መስመሮች ያሉት፣ ማንም በእግሩ ሊያቋርጠው የማይችል መንገድ ነው። የሜትሮ ጣቢያዎቹ በመንገዱ ሁለት ወገን መግቢያ ስላላቸው፣ አየር ማቀዝቀዣ ባለው ድልድይ ካርድ ሳይነኩ፣ ሳንቲም ሳይከፍሉ መሻገር ይቻላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከጣቢያው ከወጡ በኋላ ነው። በዱባይ ካሉት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ ቤቶቹ ደግሞ ያሉት እንደ ጁሜራ ባሉ የቪላ ሰፈሮች ነው። ሜትሮው ጁሜራን ከጀርባዋ ትቷት ያልፋል። ስለዚህ ተመላላሽ ሠራተኛዋ ከባቡር ወርዳ ባስ ትጠብቃለች፤ ከባስ ወርዳም ረጃጅም የቪላ አጥሮችን ተከትላ ትሄዳለች። የእግረኛ መንገዱ አንዱ ግቢ በር ላይ ይቋረጥና አሸዋ ወይም የመኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ እሷም ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የባሕሩ ወበቅ ሲጨመርበት ትንፋሽ ያሳጥራል። ሕጉ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። በዚያው ሰዓት ጥላ በሌለው መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ማንም አላሰበለትም።

የሰዓቱ ጉዳይም አለ። ሜትሮው በሌሎቹ ቀናት ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሲሠራ፣ እሑድ የሚከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አብያተ ክርስቲያናት ያሉበት ኡድ ሜታ የራሱ ጣቢያ ቢኖረውም፣ እሑድ ማለዳ ቅዳሴ ሊደርስ ለተነሣ ሰው አይጠቅመውም።

መሻገሪያ ሲርቅ ሰው ባገኘበት ይሻገራል። ካልተፈቀደ ቦታ መንገድ ያቋረጠ 400 ድርሃም ይቀጣል። በ2025 ሥራ ላይ የዋለው የትራፊክ ሕግ ደግሞ ማቋረጡ አደጋ ካስከተለ እስራትና ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ድርሃም ቅጣት አስቀምጧል። ቅጣት ብቻውን ግን ድልድይ አይሆንም። ይህን ከተማዋም የተረዳችው ይመስላል፤ በ2024 መጨረሻ ይፋ የሆነው ዱባይ ዎክ የተባለው ዕቅድ 6,500 ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድና 110 ድልድዮችና የምድር ውስጥ መሻገሪያዎችን ይዟል። የእግረኛና የብስክሌት ጉዞን ድርሻም በ2040 ከ13 በመቶ ወደ 25 በመቶ ለማድረስ ታስቧል። ሥራው የሚጀመረው በዴራው አል ራስና በወደፊቱ ሙዚየም አካባቢ ነው። አል ራስ ይገባዋል፤ ከሙዚየሙ በፊት ግን ሠራተኛው ማልዶ የሚሄድባቸው የቪላ ሰፈሮች ጎዳናዎች መቅደም ነበረባቸው።

ሦስተኛው፣ ሰማያዊው የሜትሮ መስመር፣ 30 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 14 ጣቢያዎች ይኖሩታል፤ ሥራ ይጀምራል የተባለው ሴፕቴምበር 9 ቀን 2029 ነው። ኪራይ ቀለል ስለሚል አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚበዛበትን ኢንተርናሽናል ሲቲን ከቀረው ከተማ ጋር ያገናኛል። እዚያ የእግረኛ መንገዱና ጥላው ከጣቢያዎቹ ጋር አብረው መሠራት አለባቸው፤ እንደ ቀዩ መስመር ባቡሩ ከገባ በኋላ 15 ዓመት መጠበቅ አይገባም።